የሕገ መንግሥቱን ሁለት ቅጂዎች ገዝቼ ያየሁት፦ የኪሱ ይሻላል ወይስ የነጋሪት ጋዜጣው?

ሕገ መንግሥቱን በወረቀት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መልሴን ቶሎ ልንገራችሁ። መንገድ ላይ የሚሸጠውን የኪስ ቅጂ ተዉት፣ ትንሽ ጨምራችሁ የነጋሪት ጋዜጣውን፣ ማለትም የመንግሥት ሕግ የሚታወጅበትን ጋዜጣ፣ ፈልጉ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የኪሱን የገዛሁት አራት ኪሎ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች ነው። 200 ብር ብሎኝ በ150 ተስማማን። ሽፋኑ ያምራል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ፊደሉም ደህና ነው። የማተሚያ ቤት ስም ግን የትም ቦታ የለውም፣ ያኔ ልብ አላልኩትም። የገዛሁት ለወንድሜ ነው፤ የሕግ ተማሪ ነው፣ ፈተና ደርሶበት ነበር።

እሁድ ቤት ቡና ተፈልቶ አጎቴ መጣ። ዕድሜውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ የሕግ ወሬ ከተነሳ ስኒው እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ወንድሜ የ2012ቱን ምርጫ አነሳ። ታስታውሳላችሁ፣ ምርጫው ለነሐሴ 23 ተቆርጦ ሳለ ኮሮና መጣ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ አምስት ዓመት ደግሞ ሊያልቅ ነው። አራት አማራጭ ቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ወይም ማስተርጎም። የተመረጠው ማስተርጎሙ ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን ሲሰማ በቴሌቪዥን አየን፣ ሰኔ 3 ቀን ፌዴሬሽን ምክር ቤት የተወካዮች ምክር ቤቱ የሥራ ዘመን እንዲራዘም ወሰነ፣ ምርጫው በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 14 ተካሄደ።

ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነው። «ጋሼ፣ አንቀጽ 58 አምስት ዓመት ነው የሚለው። አምስት አምስት ነው። ግልጽ የሆነ ቃል ምኑ ይተረጎማል?» አለ። አጎቴም «ልጄ፣ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ወረርሽኙ በምርጫ ዓመት ይመጣል ብለው አልጻፉም። ቃሉን ብቻ ይዘህ ሀገር ያለ ምክር ቤት ልታሳድር ነው?» አለው። እኔ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።

ከዚያ ወንድሜ ሕገ መንግሥቱ ማን እንደሚተረጉመው እንጂ እንዴት እንደሚተረጎም አንድም ቦታ አይናገርም አለ። አጎቴ «ይናገራል እንጂ፣ 13 ላይ አለ» ብሎ ቅጂውን ተቀበለው። ገለጠ። አንቀጽ 13፣ ንዑስ 1፣ ከዚያ አንቀጽ 14። ንዑስ 2 የለም። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ እንደገና አየ፣ ገጹንም ወደ ኋላ መለሰው። «እርጅና ነው መሰለኝ» አለና ዝም አለ። አንጀቴን በላው። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ነው።

ማግስቱን ከሥራ ስወጣ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወዳሉት የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ሄድኩ። አንድ አባት ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ ከታች ከተከመረው ውስጥ መዘው አወጡልኝ። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ 1ኛ ዓመት ቁጥር 1፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987። ዋጋው 350 ብር፣ አይቀነስም፣ ቴሌብር ይቀበላሉ። እዚያው ቆሜ አንቀጽ 13ን ገለጥኩ። ንዑስ 2 አለ! የቀድሞ ባለቤቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የመብትና የነጻነት ድንጋጌዎቹ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሕጎችና ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተረጎማሉ ይላል። ለአጎቴ እዚያው ደወልኩለት። «አላልኩም?» አለኝ፣ ድምፁ ወጣት ሆነ።

እንግዲህ በኪሱ ቅጂ የጎደለው ተራ መስመር አይደለም፣ ክርክሩ ራሱ ነው። ንዑስ 2 የሚናገረው ስለ ምዕራፍ ሦስት ነው፣ ከ13 እስከ 44 ስላሉት የመብት አንቀጾች። እዚያ ላይ ሕጉ ራሱ ተርጓሚውን ከቃሉ ባሻገርም ተመልከት እያለው ነው። አንቀጽ 93ን ደግሞ ክፈቱ፦ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚቆየው እስከ ስድስት ወር፣ የሚታደሰው በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ይሄ የተቆጠረ ነገር ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ መብት ሲሆን ሰፋ አድርገህ ተርጉም፣ ሥልጣንና ጊዜ ሲሆን ቃሉን ያዝ። በተለይ እኛ ሀገር፣ የመጨረሻው ተርጓሚ ፍርድ ቤት ሳይሆን ፌዴሬሽን ምክር ቤት በሆነበት፣ ፖለቲከኛ የራሱን ዘመን ቁጥር ሲተረጉም ማየት ያስፈራኛል። የ2012ቱ ችግር እውነተኛ ነበር፣ አልክድም። ግን የማሻሻያው መንገድ 104 እና 105 ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። አጎቴ በዚህ አይስማማም፣ በወረርሽኝ መሃል የክልል ምክር ቤቶችን ሰብስቦ ማጽደቅ እንዴት ይቻላል ይላል።

ወንድሜም ጥብቅነቱ መብት ላይ ሲደርስ ይላላል። ከትምህርቱ የካናዳን ነገረን፦ ሴቶች ለሴኔት በሚሾሙት «ሰዎች» ውስጥ ይገባሉ ወይ ተብሎ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1928 አይገቡም አለ፣ በዓመቱ ያኔ ከሱ በላይ የነበረው የለንደን የይግባኝ ችሎት ግን የካናዳ ሕገ መንግሥት የሆነው የ1867ቱ ሕግ በወሰኑ ውስጥ የሚያድግ ሕያው ዛፍ ነው ብሎ ይገባሉ አለ። እኔ ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ። አጎቴም የኛን የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ቤት አስታወሰ። የኔታ መጀመሪያ ንባቡን ያስነብባሉ፣ ከዚያ ነው «አንድም» እያሉ ፍቺውን በየዓይነቱ የሚያወርዱት። ንባቡ የጎደለበት ሰው ምኑን አንድም ይላል?

ወደ ዕቃው ልመለስ። የጋዜጣው ጥሩ ጎን አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን መታተማቸው ነው፣ በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ። ቢለያዩ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው አማርኛው ነውና ግራውን ያዙ። መጥፎ ጎኑ ትልቅ ነው፣ ቦርሳ አይገባም፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ሽቦው ዝጓል፣ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ፕላስቲክ ፋይል ግዙለት። ስትገዙ 106ቱም አንቀጾች መኖራቸውን እዚያው ቁጠሩ፣ የመጨረሻው ቅጠል የወለቀበት አይቻለሁ። ስልክ ላይም ይገኛል፣ ግን 13ን ከ93 ጋር ለማስተያየት እንደ ወረቀት አይመችም።

ጋዜጣውን ወንድሜ ለፈተና ብሎ ዶርም ወስዶ አልመለሰልኝም። የኪሱ ቅጂ ቤት ቀረ። ባለፈው እሁድ አጎቴ እስክሪብቶ ጠይቆኝ በ13 እና በ14 መካከል ባለችው ጠባብ ነጭ ቦታ ንዑስ 2ን በደቃቅ የመዝገብ ቤት ጽሕፈቱ ሞላው።