አንድ ማርክ ስንት ጊዜ ይጻፋል? ለትምህርት ቤት ሶፍትዌር ገዢዎች ንጽጽር

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል የግል ትምህርት ቤቶቻችን ስታፍ ሩም ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። አንዷ መምህርት ማርኳን ከደብተር ወደ ኤክሴል ትገለብጣለች። አጠገቧ ያለው ለሆም ሩም መምህሩ፣ ማለትም ለክፍሉ ኃላፊ፣ በቴሌግራም ይልካል። ሆም ሩሙ ሮስተሩ (የክፍሉ የማርክ ማጠቃለያ) ላይ ያሰፍራል፤ ሬከርድ ኦፊስ ደግሞ ከሮስተሩ እያየ ትምህርት ቤቱ ብዙ ብር ወደከፈለበት ሶፍትዌር እንደገና ያስገባዋል።

እስቲ እናስላው። አምስት ሴክሽን የያዘ መምህር በየክፍሉ 50 ልጅ ቢኖረው 250 ተማሪ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ምዘና ቢመዘግብ በሴሚስተር 1,250 ማርክ ይሆናል። ያው ማርክ ሦስት ቦታ ከተጻፈ 3,750። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለዝግጅትና ለእርማት መዋል ከነበረበት ሰዓት ላይ ተቆርሶ ነው።

እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤታችን ሶፍትዌር ሲገዛም አብሬ እመርጣለሁ። በአንድ ወቅት ስድስት ነገር እንጠቀም ነበር፦ ቴሌግራም፣ ኤክሴል፣ የጉግል ክላስሩም፣ የሚከፈልበት ዙም፣ የክፍያ መመዝገቢያና የሪፖርት ካርድ ሶፍትዌር። አንዲት ልጅ በአንዱ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብላ ተመዝግባ ኖሮ ሲስተሙ ሁለት ተማሪ አደረጋት። አባቷ ሪፖርት ካርዱን ይዘው ሲመጡ የእንግሊዝኛው ቦታ ባዶ ነበር፤ ደረጃዋም ከክፍሉ መጨረሻ። ልጅቷ ጥፋት ሳይኖርባት ቅዳሜና እሁዱን ስታለቅስ አሳልፋለች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሶፍትዌር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄን ከገዛን ማርኩ ስንት ጊዜ ይጻፋል?

ቴሌግራምና ኤክሴል

ብዙዎቻችን ያለነው እዚህ ነው፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም። ወላጁ ቴሌግራም ቀድሞውኑ አለው፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል፣ ሥልጠና አይፈልግም። ኤክሴል ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን በደንብ ያወጣል። ችግሩ ፋይሉ ሲበዛ ይመጣል። «ሮስተር ፋይናል»፣ «ሮስተር ፋይናል የተስተካከለ»፣ «የመጨረሻው»፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ሥራ ሲለቅ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። በግሩፕ ላይ የልጁ ውጤት በስህተት የተለቀቀበት ወላጅ ደግሞ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ጉግል ወይስ ማይክሮሶፍት?

ሁለቱም ለትምህርት ተቋማት ነፃ መነሻ ጥቅል አላቸው፤ የጉግሉ ፈንዳሜንታልስ፣ የማይክሮሶፍቱ ኤ1 ይባላል። ለማግኘት የትምህርት ቤቱ የራሱ ዶሜይን ስም (የኢንተርኔት አድራሻ) እና እውቅና ያለው ተቋም መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሁለቱም ለተቋሙ በጋራ 100 ቴራባይት ማስቀመጫ ይሰጣሉ፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ከበቂ በላይ ነው።

ልዩነቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። የማይክሮሶፍቱ ነፃ ጥቅል ዎርድንና ኤክሴልን በብሮውዘር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የሚከፈልበት ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የጉግል ሺትስ ቀድሞ ከተስተካከለ ክሮም ላይ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ኔቱ ሲመጣ ራሱን ያዛምዳል። ክላስሩምም በእኔ እይታ ከማይክሮሶፍቱ ቲምስ ይልቅ ለአሮጌ ስልክ ይቀላል። በዚህ ምክንያት ከሁለቱ ጉግልን እመርጣለሁ። መምህራኑ በሙሉ ኤክሴል ላይ የጠነከሩበትና ጥሩ ኮምፒውተር ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ግን ማይክሮሶፍትን ቢይዝ አይሳሳትም።

አንዱን ከያዙ ለዙም መክፈሉን ያቁሙ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆርጣል፤ የጉግል ሚት በትምህርት ጥቅሉ እስከ 100 ሰው ያስተናግዳል፣ የቲምሱ ደግሞ እስከ 300።

ነገር ግን ሁለቱም የእኛን ሪፖርት ካርድ አያወጡም። ደረጃ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን፣ የሁለቱ ሴሚስተር አማካይ ያለበት ካርድ ከእነሱ አይጠበቅም። ክላስሩም ለወላጅ የሚልከው ማጠቃለያ በኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉን የሚከፍት ወላጅ ግን ጥቂት ነው።

ሙድል

ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ትምህርትና ፈተና በኢንተርኔት የሚሰጥበት ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው። ፈተና ላይ የሚደርስበት የለም፦ የጥያቄ ባንክ ይሠራል፣ ጥያቄ ያቀያይራል፣ ራሱ ያርማል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጆቹን ለማለማመድ ጥሩ ነው። ሆኖም ነፃ የሆነው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ሰርቨሩም፣ የሚንከባከበው ሰውም ገንዘብ ናቸው። ቋሚ የአይቲ ባለሙያ የሌለው ትምህርት ቤት አይጀምረው።

የትምህርት ቤት አስተዳደር ሲስተም

ምዝገባ፣ ክፍያ፣ አቴንዳንስ፣ ማርክና ሪፖርት ካርድን በአንድ ላይ የሚይዘው ነው። ማርኩ በእውነት አንድ ጊዜ ብቻ ሊጻፍ የሚችለው እዚህ ነው፤ መምህሩ ከስልኩ ያስገባል፣ ሮስተሩና ካርዱ ከዚያው ይወጣሉ።

ከውጭ የሚመጣውና አገር ቤት የተሠራው ግን አንድ አይደሉም። የውጭው የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የምንጽፈው፣ በዚህም ስሞች ይዘበራረቃሉ። የእኛን 13 ወር አያውቅም። ክፍያውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዓመት 2,000 ዶላር የሚያስከፍል ሲስተም 114,000 ብር አካባቢ የነበረው ከ200,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ከወላጅ ክፍያ ላይ ማውጣት ከባድ ነው።

የአገር ውስጡ በብር ይከፈላል፣ ቀን አቆጣጠራችንን ያውቃል፣ ከቴሌብርና ከባንክ ጋር የተያያዘም አለ። የሚያሰጋው ሻጩ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰው ያቋቋመው ድርጅት ነገ ሊበተን ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን የተማሪ መረጃ በማንኛውም ቀን ወደ ኤክሴል ማውረድ የማይፈቅድ ሲስተም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይግዙ። መረጃው የትምህርት ቤቱ መሆኑን ውል ላይ ያስፍሩ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የልጆቹ መረጃ አያያዝ በሕግም ያስጠይቃል።

እኔ ብሆን

እስከ 300 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት ምንም አልገዛም። ጉግልን በነፃ ወስጄ አንድ የጋራ ሮስተር በሺትስ እከፍታለሁ፤ ሁሉም መምህር የየራሱን ዓምድ እዚያው ይሞላል። ቴሌግራም ለማስታወቂያ ብቻ፣ ትምህርት ቤቱ ብቻ በሚለጥፍበት ቻናል። ከዚያ በላይ ከሆነ የአገር ውስጥ ሲስተም እገዛለሁ፣ ጉግልን ለማስተማሪያው እይዛለሁ፣ የቀረውን ሁሉ እዘጋለሁ። ሁለት ማርክ መመዝገቢያ ጎን ለጎን ማቆየት ገንዘብም መምህርም ያቃጥላል።

ሻጩ ዴሞ ሲያሳይ በራሱ ናሙና አይሁን። የእርስዎን የአንድ ክፍል ሮስተር ይስጡት፤ ኮምፒውተር ብዙም የማይወዱትን መምህር አጠገቡ ያስቀምጡና በራሳቸው ስልክ የ50 ልጅ ማርክ ያስገቡ። ሰዓት ይያዙ። መሀል ላይ ዳታውን ያጥፉትና የገባው ማርክ መትረፉን ይዩ። ዋጋውን ሲጠይቁም ሥልጠናውን፣ የአጭር መልእክቱንና የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ጨምረው በጽሑፍ ይቀበሉ።

ለውጡን በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ባለው ጊዜ ያድርጉት። መጀመሪያ የስም አጻጻፉን በልደት ሰርተፊኬቱ መሠረት አንድ ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅም እስኪጨርስ የማይቀየር መለያ ቁጥር ይስጡ። የወረቀቱን ማርክ ሊስት እስከ መጀመሪያው ሩብ ዓመት ድረስ አይጣሉት።