የባክአፕ ቴፕ ያላችሁ ጎንደሬዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ የቴፕ ድራይቮች (የባክአፕ ቴፕ የሚያነቡና የሚጽፉ ማሽኖች) የሚሸጥ ሰው አለ። ስቱዲዮና ቢሮ እየዞረ "ኤልቲኦ 8 ነው፣ የድሮውን ቴፕ ሁሉ ያነባል" ይላል። አያነብም! ኤልቲኦ (LTO) የባክአፕ ቴፕ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ትውልዱን ያሳያል። እባካችሁ እንዳትሸወዱ።

ሰርግ የሚቀርጽ ጎረቤቴ አምኖት ገዛ። የዓመታት ሰርግና የጥምቀት ቀረጻው ያለው በኤልቲኦ 6 ቴፕ ነው። ድራይቩ አንዱንም አልተቀበለም፤ ቴፑን ባስገባ ቁጥር መልሶ ይተፋዋል። ቅሬታ ሲያቀርብ ሻጩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ቴፖችህ ተበላሽተዋል።" ልጁ የስንት ሰው ሰርግ የጠፋበት መስሎት እንቅልፍ አጣ። ኋላ ኤልቲኦ 6 ድራይቭ ያለው ቢሮ ወስደን ሞከርናቸው። ያለ ችግር ተነበቡ። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ይኼ ነው።

ሰው የሚታለለው ወሬው ድሮ እውነትነት ስለነበረው ነው። እስከ ኤልቲኦ 7 ድረስ አንድ ድራይቭ ሁለት ትውልድ ወደኋላ ያነባል፣ አንድ ትውልድ ወደኋላ ይጽፋል። ኤልቲኦ 6 ድራይቭ 4ን እና 5ን ያነባል፤ ከራሱ ሌላ የሚጽፈው ግን 5 ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤልቲኦ 8 ይህን ሕግ አፈረሰው። የሚያነበውም የሚጽፈውም 7ን እና 8ን ብቻ ነው። በ2021 የመጣው 9 ደግሞ 8ን እና 9ን ብቻ። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ኤልቲኦ 6 ቴፕ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ 6 ወይም 7 ድራይቭ ነው። አዲስ ስለሆነ የተሻለ ነው ቢሏችሁ አትስሙ።

የቴፓችሁን ትውልድ ለማወቅ ካርትሪጁን እዩት። ባርኮድ ከተለጠፈበት መጨረሻው ላይ ኤል6 (L6)፣ ኤል7 (L7) እያለ ይናገራል። ኤም8 (M8) የሚል ካያችሁ ተጠንቀቁ። ካርትሪጁ የኤልቲኦ 7 ቢሆንም በ8 ድራይቭ 9 ቴራባይት እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ 7 ድራይቭ አያነበውም።

ሻጩ "30 ቴራባይት ይይዛል" የሚለውም ያው ነው። የኤልቲኦ 8 ቴፕ ትክክለኛ መጠን 12 ቴራባይት ነው። 30 የሚባለው ዳታው 2.5 እጥፍ ይጨመቃል ተብሎ ታስቦ ነው። ቪዲዮና ፎቶ ደግሞ ከካሜራው ሲወጡ የተጨመቁ ናቸው። እናንተ 12ን ብቻ ቁጠሩ።

ገመዱንም ጠይቁ። አብዛኞቹ ድራይቮች የሚሠሩት ሳስ (SAS) ወይም ፋይበር ቻናል በሚባሉ የሰርቨር ማገናኛዎች ነው እንጂ በዩኤስቢ አይደለም። ተራ ዴስክቶፕ ላይ የሳስ ካርድ ተገዝቶ መገጠም አለበት። ላፕቶፕ ብቻ ላለው ሰው ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ሻጩ ይህን አንስቶት አያውቅም።

ግዴታ ከሆነባችሁ የራሳችሁን ቴፕ ይዛችሁ ሂዱ። ዓይናችሁ እያየ ይነበብ፤ መብራት መብራቱን አይታችሁ አትመኑ፣ አንድ ፋይል ገልብጣችሁ ክፈቱ። ደረሰኙ ላይ የድራይቩ ትውልድና የትኛውን ቴፕ እንደሚያነብ በጽሁፍ ይስፈር። እዚህ ላይ እምቢ ካለ ትታችሁ ውጡ።

ከዚሁ ሰው ገዝታችሁ "ቴፑ ሞቷል" የተባላችሁ ካላችሁ ደግሞ ቴፖቹን እንዳትጥሉ። መጀመሪያ በትክክለኛው ድራይቭ ይሞከሩ።