የአባዬን ድምፅ ላወጣልን ባለሙያ ምስጋና (ቤታችሁ የቆየ ካሴት ያላችሁ አንብቡት)

አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለኝ አልጠራውም እንጂ ሥራውን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

አባዬ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ኢንጂነር ነበር። ጉልበቱን ቦሌ ሃንጋር ውስጥ ጨርሶ ነው ጡረታ የወጣው። ሲወጣ ባልደረቦቹ ግብዣ አድርገውለት ነበር፤ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጿል። እኛ ልጆቹ እዚያ አልነበርንም። እማዬ ብቻ ናት አብራው የሄደችው፤ "አባታችሁ ያን ቀን እንዴት እንደተናገረ" እያለች ስታወራልን ኖራለች። አባዬ እኮ ዝምተኛ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር አይተነው አናውቅም። ለሙት ዓመቱ ያን ንግግር ዘመድ ወዳጅ እንዲሰማው ፈለግን። ካሴቱን ስናወጣው ግን ሻግቷል።

ከዚያ ያየነው መንገላታት ለማንም አይድረስ። አንዱ ጋ ስንሄድ በእጁ እንኳ ሳይነካው "ይሄማ አልቆለታል" አለን። ሌላው ደግሞ "ቀላል ነው፣ ነገ ውሰዱ" ብሎ ተቀበለን። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ስንደውል አይነሳም፣ ስንሄድ "ባለሙያው የለም" ነው። በስንት ጭቅጭቅ ፍላሽ ሰጡን፣ ሙሉ ሂሳብ ከፈልን። ቤት ገብተን፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ ስንከፍተው የማናውቃቸው ሰዎች ሰርግ! እማዬ ምንም አላለችም፤ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ይሄን እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ካሴቱን ስንቀበል ደግሞ ክሩ ተጨማድዷል፣ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ይቅርታ እንኳ የለም። እዚያ ውስጥ ያለው የሰው አባት ነው እኮ!

የአክስቴ ልጅ ናት ይሄን ሰው የጠቆመችኝ። ድሮ ሱቁ ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተነስቶ አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ካሴቱን ብርሃን ላይ አገላብጦ አየውና መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘብ አይደለም። "ማን ነው ያለበት?" አለኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም ይሄን አልጠየቀንም።

ነገርኩት። አባዬ "ሲ ቼክ ገብቷል" ካለ አውሮፕላኑ ተፈታቶ ተመርምሮ እስኪገጠም ለሳምንታት እንደልብ እንደማናገኘው፤ ሃንጋር ውስጥ አንዲት ቁልፍ እንኳ ከመሣሪያ ሳጥኑ ከጎደለች እስክትገኝ ድረስ አውሮፕላኑ እንደማይለቀቅ፤ ያ ጠባይ ቤትም ተከትሎት መጥቶ ሌሊት ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ቡታጋዙን፣ ቀጥሎ እኛን ልጆቹን አንድ በአንድ ሳያይ እንደማይተኛ። ብርድ ልብሳችንን ሲያስተካክል እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ግሪሱን ሳያስለቅቅ አይነካንም ነበር። ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማኝ፤ ሥራ ፈት ሆኖ አልነበረም፣ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ካሴቱን እንዴት እንዳዳነው አልጠይቀው፣ ቢነግረኝም አይገባኝም። ብቻ አንድ ቀን ደውሎ "አባትሽ ተገኝተዋል፤ እናትሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ።

እማዬን የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። አባዬ ስክሪኑ ላይ ሲቆም እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አዳራሹ ግን ይንጫጫል፣ ሙዚቃ አለ፣ የአባዬ ድምፅ ከሥር ነው። እማዬ ደግሞ ጆሮዋ ደክሟል። "እማማ፣ ይሰማዎታል?" አላት። "አዎ ልጄ፣ ተባረክ" አለችው። እንዳታስቸግረው ብላ ነው። ፊቷን አይቶ ገባው። አጠፋውና "እማማ እስኪሰሙት ድረስ ሥራዬ አላለቀም" አለን።

በማግስቱ ስንመለስ ጫጫታው ቀንሶ የአባዬ ድምፅ ጎልቷል። እሱ ብቻ አይደለም። ንግግሩን ቃል በቃል አድምጦ ከሥዕሉ ሥር በትልልቅ ፊደል ጽፎበታል! ማንም አላዘዘውም። እማዬ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠረች ናት፤ ቀስ እያለች፣ ድምፅ እያሰማች አነበበችው።

አባዬ የሚያወራው ስለ 1976 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ስለገባበት። 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ፤ ለባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ሰዉ ሲያጨበጭብ በእጁ ዝም አሰኛቸውና እንዲህ አለ፦ "ያን ሰሞን እኔ ቤቴን አላየሁም። ትንሿ ልጄ ታማ ነበር። ይዛት ያደረችው ባለቤቴ ናት። ማጨብጨብ ካለባችሁ ለእሷ አጨብጭቡ።" ትንሿ ልጅ እኔ ነኝ። አባዬ ይሄን በልቡ ይዞት እንደኖረ ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ሂሳቡ መጀመሪያ ቀን የነገረን ነው፣ ሳንቲም አልጨመረም። ጨምረን ልንሰጠው ስንል ተቆጣን።

ወገኖቼ፣ ሳጥን ውስጥ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ካሴት ያላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። የሻገተ ከሆነ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው) ውስጥ አትክተቱት፤ ካሴቱንም ዴኩንም ያበላሻል ብሎኛል። ዴክ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ መመረት አቁሟል፤ ያለው ሲሰበር መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ አታዘግዩት፣ ለማንም ብቻ አትስጡት፣ ለዚህ ሰው ስጡት። ታማኝ ነው፣ ቃሉን ያከብራል፣ የሰው ነገር ይገባዋል። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው እማዬ በየቀኑ እየመረቀችህ ነው። ልጆችህ ይባረኩልህ።

ግብዣው ላይ የነበራችሁ የአባዬ ባልደረቦችና ልጆቻችሁም፣ ብዙዎቻችሁ ካሴቱ ላይ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ የሉም። ኮፒ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ በነጻ አደርሳችኋለሁ።