ለኤፊብ አብሌሽን፦ ሙቀት፣ ቅዝቃዜ ወይስ የኤሌክትሪክ ምት?

አባቴ ኤፊብ፣ ማለትም የልብ የላይኛው ክፍል ምት መዛባት፣ አለበት። ሐኪሙ ለዚህ ሕክምና "አብሌሽን" ሲል እኔ ለአባቴ "ማቃጠል" ብዬ ተረጎምኩለት። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዞር አለና "ልቤን ነው የሚያቃጥሉት ልጄ?" አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ነው። ያን ቃል በመምረጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ አላደርግም ብሎ ቆይቷልና። አሜሪካ ያላችሁ፣ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያኔ አልጠየቅሁም።

ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በ1998 በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ የልብ ምቱን የሚያዛባው የኤሌክትሪክ ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሳንባ ወደ ልብ ከሚገቡት ደም መልሶች እንደሆነ አሳዩ። ስለዚህ ሕክምናው ልብን ማቃጠል ሳይሆን በነዚያ ደም መልሶች አፍ ዙሪያ የጠባሳ አጥር ማጠር ነው። ሦስቱም ዘዴዎች በብሽሽት ደም ሥር ገብተው፣ በልብ ግድግዳ ተሻግረው፣ እዚያው ቦታ ይደርሳሉ። የሚለያዩት አጥሩን በሚሠሩበት ነገር ነው።

የሙቀቱ ዘዴ፣ ማለትም ሬዲዮፍሪኩዌንሲ፣ የቆየው ነው። ሐኪሙ በኮምፒውተር ካርታ እየተመራ ነጥብ በነጥብ ይተኩሳል፤ እንደ ጥልፍ ነው፣ አንድ ክር ከዘለለ በክፍተቱ በኩል ኤፊቡ ይመለሳል። ትልቁ ጥቅሙ የትም ቦታ መድረሱ ነው። ፍለተር የሚባለው ሌላ የምት መዛባት አብሮ ላለበት ወይም ለሁለተኛ ጊዜ ለሚሠራለት ሰው ብዙ ጊዜ ይመረጣል። የሚያስፈራው ግን የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ ተጠግቶ ማለፉ ነው። ሙቀቱ ከጎዳው፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ይህ ገዳይ ነው። የሚመጣውም ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ቤቱ ከተቀመጠ ከሳምንታት በኋላ ነው። ከአብሌሽን በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም ወይም የስትሮክ ምልክት ከታየ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና መጀመሪያ "አብሌሽን ተደርጎልኛል" በሉ። የደረት ሲቲ ሳይነሳ ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ) እንዳይደረግ።

ቅዝቃዜው፣ ክራዮባሉን፣ ፊኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ 28 ሚሊ ሜትር። የደም መልሱን አፍ ይደፍንና በናይትረስ ኦክሳይድ ለሦስት አራት ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል፤ ክቡ በአንድ ጊዜ ይሠራል። በ2016 የወጣው ፋየር ኤንድ አይስ ጥናት 762 ሕሙማንን ከሙቀቱ ጋር አወዳድሮ ውጤታቸው ተቀራራቢ እንደሆነ አሳየ፤ ሕክምናው ያልያዘላቸው በቅዝቃዜው 34.6፣ በሙቀቱ 35.9 በመቶ ነበሩ። የቅዝቃዜው ጉዳት ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ በሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ላይ ነው፦ ከሆስፒታል ሲወጡ 2.7 በመቶው ላይ ታይቷል፣ አብዛኛው ግን በጊዜ ይመለሳል። ለዚህ ነው በስተቀኝ በኩል ሲያቀዘቅዙ ነርቩን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ አንድ ሰው እጁን ከጎድን አጥንት ሥር የሚያስቀምጠው። የድያፍራሙ ምት ከእጁ ሥር ሲዳከም ወዲያው ያቆማሉ።

አዲሱ ፐልስድ ፊልድ ነው። በጣም አጭር በሆነ የኤሌክትሪክ ምት የሴሉን ሽፋን ይበሳል፤ የልብ ጡንቻ ደግሞ ከምግብ ቧንቧና ከነርቭ ይልቅ ለዚህ ቶሎ ይሸነፋል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ የመጀመሪያውን መሣሪያ በታኅሣሥ 2023፣ ፋራፐልስ የተባለውን ደግሞ በጥር 2024 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ፈቀደ። አድቬንት የተባለው ጥናት 607 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ሲያወዳድር በፐልስድ ፊልድ በዓመቱ 73.3 በመቶ ተሳካ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ 71.3፤ ልዩነቱ ጠባብ ነው። በ2025 ደረት ውስጥ በተቀበረ መከታተያ የተደረገው የ210 ሰዎች ጥናት ግን ከቅዝቃዜው በልጦ አግኝቶታል፤ ኤፊቡ የተመለሰባቸው 37.1 በመቶ ሲሆኑ በቅዝቃዜው 50.7 ነበሩ። ይህን ቁጥር ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቀን ከሌት ሲከታተሉት በየትኛውም ዘዴ ኤፊቡ ለብዙ ሰው ተመልሶ ይታያል።

በደኅንነት በኩል ከ17,000 በላይ ሕሙማንን በመዘገበ ጥናት የምግብ ቧንቧ ቀዳዳ አንድም አልተገኘም፤ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ሆኖም የራሱ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ምቱ ቀይ የደም ሴሎችን ይሰብራል፣ አልፎ አልፎም ኩላሊት ይጎዳል፤ የልብ ደም ቅዳም ሊኮማተር ይችላል። ስትሮክና በልብ ዙሪያ ደም መጠራቀም በዚህም አልጠፉም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራለትና ኤፊቡ እየመጣ ለሚሄድበት ሰው እኔ ፐልስድ ፊልድን እመርጣለሁ። ኩላሊቱ የደከመ ግን አስቀድሞ ይናገር። ይህን መሣሪያ ገና ከጀመረ ሐኪም ይልቅ ቅዝቃዜውን ለዓመታት የሠራ ይሻለኛል። አባቴ በመጨረሻ በአስተርጓሚ በኩል የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ "በዓመት ስንት ሰው ይሠራሉ? በስንቱስ ልብ ዙሪያ ደም ተጠራቅሟል?" ሐኪሙ ቅር ሳይለው መለሰለት።

አገር ቤት ያለ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንጽጽር እንዳለ አትላኩለት። እዚያ ብዙ ሰው ኤፊብ የሚይዘው በሩማቲክ ትኩሳት በጠበበ የልብ በር ምክንያት ነው፤ እነዚህ ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው እንደነሱ ያሉትን አላካተቱም። መጀመሪያ የሚታየው በሩ ነው። በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ ጥናትም ለነሱ ከደም ማቅጠኛዎቹ መካከል ከሪቫሮክሳባን ይልቅ እነ ዋርፋሪን እንደሚሻሉ አሳይቷል።

ደም ማቅጠኛው ከአብሌሽን በኋላ ቢያንስ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የስትሮክ ስጋቱ ነው እንጂ ምቱ መስተካከሉ አይደለም። የአባቴ ምት ከተስተካከለ ሰባት ወሩ ነው፤ የኪኒን ሣጥኑ ግን አሁንም ጠዋትና ማታ ይከፈታል።