የሚክሰር መምቻ አናት፦ አሉሚኒየም ወይስ ፕላስቲክ?

የሚክሰር እንቁላል መምቻ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ሽቦው ከአናቱ፣ ማለትም የሽቦዎቹን ጫፎች አንድ ላይ ከሚይዘው ክፍል፣ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው፤ በየዙሩ እየታጠፈ የሚመለሰው ሽቦ የሚዝለው እዚያው ነውና። በሁለቱም አማራጮች ሽቦው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው የማይዝግ ብረት ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው አናቱ ነው።

የአሉሚኒየም አናት ጠንካራና ሙቀት የሚችል ቢሆንም፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ያጠቁረዋል፤ ሲነኩትም ጣት ላይ ግራጫ እድፍ ይተዋል፣ ይህም ከምግብ ጋር ለሚገናኝ ዕቃ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የፕላስቲክ አናት ግን፣ የቀለጠው ፕላስቲክ በሻጋታው ውስጥ በሽቦዎቹ ጫፍ ዙሪያ ስለሚፈስ፣ ያለ ማጣበቂያና ያለ ብየዳ በርካሽ ይመረታል፤ ሆኖም ቀጥ ያለ ሽቦ ተንሸራቶ ሊወጣ ስለሚችል ጫፉ እንደ መንጠቆ መታጠፍ፣ ሽቦው በመውጫው ላይ እንዳይሰበር ደግሞ የመውጫው ጠርዝ መከርከምና መለስለስ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ለቤት አገልግሎት ፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ ሻጋታው ውድ በመሆኑ ግን ጥቂት ብቻ ለሚያመርት ወርክሾፕ አሉሚኒየሙ ይቀለዋል።