ጊታሬን ላዳኑልኝ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ጊታሩ ዝዝ እያለ የተቸገረ ሰው ካለም እንዲጠቅመው ብዬ ነው።

ጊታሬ እህቴ ከዋሽንግተን ይዛልኝ የመጣችው አኮስቲክ ነው። ነሐሴ ላይ ስትሰጠኝ ድምፁ ልብ ይሰርቅ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ወፍራሞቹ ክሮች ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ድረስ ዝዝዝ ማለት ጀመሩ። የማስተምረው ኬጂ ነው፣ በየጠዋቱ ከልጆቹ ጋር እንዘፍናለን፤ አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ጊታሩ ውስጥ ንብ አለ?" አለችኝ።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነው የወሰድኩት፣ ስም አልጠራም። ክር ቀየሩልኝ፣ ለውጥ የለም። ስመለስ ድልድዩ ላይ ክሮቹን ከምትሸከመው ነጭ አጥንት ስር ቁራጭ ነገር ሸጎጡባትና ክሮቹ ከፍ አሉ። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ጣቴ ግን ቆሰለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ፍሬቶቹ በሙሉ ተነቅለው በአዲስ ይተኩ ተባልኩ። ዋጋውን ስሰማ ጊታሬን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ጋሼ የላከችኝ ጓደኛዬ ናት። ስድስት ኪሎ አካባቢ ጠባብ ክፍል ውስጥ ክራርና በገና ይሠራሉ፣ ጊታርም ይጠግናሉ። ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት "እስቲ ተጫወት" አሉኝ። እጄን ነበር የሚያዩት። ክሩን ከልክ በላይ የሚመታ ሰው ጤነኛ ጊታርም ያስጮኻልና መጀመሪያ እሱን ማጣራት አለባቸው። ቀጥለው ሆዱን በጣታቸው አንኳኩ፣ የመቃኛዎቹን ብሎኖች ነካኩ፤ የላላ ነገር የለም። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየያዙ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ አንድ በአንድ መቱ። "ሳይያዝ ብቻ ቢጮህ ጫፉ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ጠልቋል እልህ ነበር። ከ12ኛው ፍሬት ወዲያ ቢጮህ ክሮቹ ዝቅ ብለዋል እልህ ነበር። ያንተ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ጋ ነው፣ አንገቱን እንየው።"

ወፍራሙን ክር አንደኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ አስይዘውኝ መሐሉን አሳዩኝ። ክሩ ራሱ ማስመሪያ ሆነ ማለት ነው። ሰባተኛው ፍሬት ጋ ቢዝነስ ካርድ የሚያሳልፍ ክፍተት፣ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ፣ ሊኖር ይገባ ነበር። ምንም የለም፤ አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል። የበጋው ድርቀት ነው አሉ። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፊቱ ይሰምጣል፣ አንገቱም ይንቀሳቀሳል፣ ክሩና ፍሬቱ ይቀራረባሉ።

አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ አላሉት። መልሰው ቃኙት። ሻይ ጠጣን። ለክተው ትንሽ ጨመሩ። ይሄን ብረት በጉልበት የሚያዞር ሰው ጊታር ያበላሻል፣ እባካችሁ ቤት ውስጥ ካላወቃችሁ አትሞክሩት።

ክፍሉ ጥግ ላይ ያላለቀ በገና ቆሞ ነበር። "በዚህኛው ላይ ይሄንኑ ንዝረት ፈልገን ነው የምናመጣው" አሉኝ፣ በክሩና በድልድዩ መሐል የምትገባዋን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ እያሳዩኝ። ሰው ድምፅ ሲያስወጣም ሲያጠፋም ኖሮ ነው እንዲህ የሚሰማው፤ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በገና ስሰማ ይሄን አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚጮህ አንድ ክር ብቻ ቀረ። አጭር ቀጥ ያለ ብረት ሦስት ፍሬቶች ላይ ሲያስቀምጡ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ የአራተኛው ፍሬት ጫፍ ከእንጨቱ ተነስቷል። በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርገው አስገቡት፣ ማጣበቂያ ጠብ አደረጉበት። አንድ ፍሬት ብቻ! ያቺን የተሸጎጠች ቁራጭም አወጡልኝ። አሁን ክሮቹ ከ12ኛው ፍሬት ያላቸው ከፍታ ወፍራሙ 2.4፣ ቀጭኑ 1.8 ሚሊሜትር ነው፤ ጣቴም አረፈ።

ያስከፈሉኝ ከአንድ ዙር ክር ዋጋ ብዙም አይበልጥም። የማያስፈልገውን ሥራ ሠርተው ሊያስከፍሉኝ ይችሉ ነበር፣ እኔም አምኜ እከፍል ነበር። አላደረጉትም። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በበጋ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ አኑረው፣ በተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ እርጥብ ስፖንጅ አድርግበት፣ ውኃ እንዳያንጠባጥብ ጨምቀው ብለውኛል። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልካለሁ። ስትሄዱ ክሩን አታላሉት፣ አዲስም አትግዙ። እንደምትጫወቱበት ይዛችሁት ሂዱ፣ እሳቸው መስማት የሚፈልጉት እሱን ነው።