ክራር ወይስ ማሲንቆ፦ ለትርፍ ጊዜ የቱ ይሻላል?

በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ላለው ጀማሪ ክራር ይቀላል። አምስት ወይም ስድስት ክሮቹ አስቀድመው ስለሚቃኙ የተመታው ክር ሁሉ ድምፁን አይስትም። ትዝታ ለሚባለው ቅኝት፣ በሜጀር ዓይነቱ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ይቃኛል፤ ወደ ማይነር ዓይነቱ ለመሄድ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። አዲስ የናይለን ክር ግን እየተለጠጠ ስለሚረግብ መጀመሪያ ሰሞን ደጋግሞ መቃኘት የግድ ነው።

ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው። ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ምልክት ስለሌለው ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ነው። የደጋኑ ጭራ በዕጣን ካልታሸ ይንሸራተታል፣ ድምፅ አይወጣውም። በክረምት እርጥበት ቆዳው ሲረግብ ድምፁ ይታፈናል፤ ጥቂት ፀሐይ ይመልሰዋል። የዘፋኝን ድምፅ ተከትሎ ማልቀስ የሚችለው ግን እሱ ነው፤ ማንጎራጎር ለሚወድ ሰው ድካሙ ቢበዛም ማሲንቆን እንመርጥለታለን።